አልነሳ ያለው የአባቴ ላፕቶፕ

አባቴ ስልክ ሲደውል ሰላምታ አያበዛም። ያን ቀን ጠዋትም «ሞቷል» አለኝ፣ ሌላ ምንም አልጨመረም። አባቴ በሚኖርባት አረካ ሰው ሲሞት ቀብር ላይ የሚነበበውን የሕይወት ታሪክ የሚጽፈው እሱ ስለሆነ፣ ደንገጥ ብዬ ማን እንደሞተ ጠየቅኩት። «ላፕቶፑ ነዋ» አለ።

እኔ ሶዶ ውስጥ በአንድ ኮሌጅ ኮምፒዩተር እጠግናለሁ። ላፕቶፑ ድሮ የእኔ ነበር። ባትሪው ከሞተ ስለቆየ ገመዱ ግድግዳው ላይ ካልተሰካ አይሠራም። ዊንዶውሱም ከብዶት ነበር፤ አባቴ ጠዋት ከፍቶት ሄዶ፣ ታጥቦ፣ ቦይና የምንለውን የተቀቀለ ጎደሬውን በዳጣ በልቶ ሲመለስ ገና ሲያዞር ያገኘዋል። ስለዚህ ክረምቱ ሲገባ ዊንዶውሱን አጥፍቼ በምትኩ ሊኑክስ የተባለውን ሲስተም ጫንኩለት። ሊኑክስ ነፃ ነው፣ ቀላል ነው፣ ያረጀ ማሽን ያድሳል እያልኩ ኮሌጁ ውስጥ ሰው የማሰለች እኔ ነኝ። ያለምንም ችግር ተጫነ። አጥፍቼ አበራሁት፣ ተነሳ። አማርኛም ወላይትኛም ጻፈ። አባቴ መረቀኝና በሚኒባስ ወደ ሶዶ ተመለስኩ። በማግስቱ ነው እንግዲህ «ሞቷል» ያለኝ።

«ስክሪኑ ላይ ምን ይላል?»

«የሚነሳበት ዲስክ የለም ይላል።»

«የነካካኸው ነገር አለ?»

«መነካት ያለበትን ነው የነካሁት» አለኝ በአማርኛ። ቤት ውስጥ የምናወራው በወላይትኛ ነው፤ አባቴ ወደ አማርኛ የሚዞረው ሲቆጣ ነው። ዕድሜውን ሙሉ ያስተማረው በአማርኛ ስለሆነ ቁጣም የሚመጣለት በእሱ ነው።

ቅዳሜ ሄጄ እንደገና ጫንኩት። ተነሳ። እሁድ ጠዋት ተደወለልኝ። የመጫኛውን ፍላሽ ጠረጠርኩና በሌላ ፍላሽ ጫንኩ፤ ያው ሆነ። ዲስኩን መረመርኩ፣ ጤነኛ ነው። ሌላ ዓይነት ሊኑክስ ሞከርኩ። እኔ እያለሁ ማሽኑ እንደ ጨዋ ልጅ ይታዘዛል፤ እኔ ስሄድ ይሞታል። በሄድኩ ቁጥር ደግሞ ሰዓቱን ከብዙ ዓመት በፊት ወደነበረ ቀን ተመልሶ አገኘዋለሁ። ይህን ያየሁ ቀን ጥርጣሬዬ ሁሉ ከማሽኑ ላይ ተነስቶ አባቴ ላይ አረፈ። ሲነካካ ያበላሸዋል፣ ከዚያ መንካቱን ይረሳዋል አልኩ በልቤ። ጽሑፎቹን ፍላሽ ላይ ስለሚያስቀምጥ የጠፋ ነገር የለም፤ እኔን ያስጨነቀኝ ሌላ ነው።

እናታችን ካረፈች ወዲህ ሐዋሳ የሚኖረው ታላቅ ወንድሜ አባታችንን ወደ ቤቱ ሊወስደው ይፈልጋል። ክፍል አሰናድቷል፣ አልጋም ገዝቷል። ክፉ ሰው አይደለም፤ ፈርቶ ነው። አንድ ቀን የቤቱ ቁልፍ በውጭ በኩል በሩ ላይ እንደተሰካ አድሮ ጎረቤት አይቶ ነገረው። ከዚያ ወዲህ ወንድሜ በደወለ ቁጥር «ይረሳል» ይላል። ስለ ላፕቶፑ ስነግረው ደግሞ፣ «ይኸው፣ አንቺም አየሽው። ለጊፋታ ስንሰበሰብ እንጨርሰው» አለኝ። ጊፋታ የወላይታ ዘመን መለወጫ ነው፤ የቤተሰብ ነገር የሚቆረጠው ያኔ ነው፣ ከሥጋው ጋር።

አባቴ ደግሞ ከአረካ መነሳት አይፈልግም። «ሐዋሳ ማንን አውቄ ነው የማንን ታሪክ የምጽፈው?» ይላል። እዚህ ሁሉንም ያውቃል። ለአንዳንድ ጎረቤቶች በቁማቸው ጽፎ ጨርሷል፤ የጎደለው ቀኑ ብቻ ነው። የራሱንም ጽፏል። ለምን ብዬ ስጠይቀው፣ «ሌላ ሰው እንዳያበላሽብኝ» አለኝ።

ጊፋታ ሲቃረብ አንድ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ እንደለመድኩት ጭኜ ጨርሼ፣ አጥፍቼ ሻንጣዬን እየዘጋሁ ሳለ ዝናቡ መጣና መብራት ጠፋ። አባቴ ጋዜጣውን አጥፎ ተነሳ። መጀመሪያ የፍሪጁን ነቀለ። ቀጥሎ የቴሌቪዥኑን። ከዚያ አጠገቤ መጥቶ ጎንበስ አለና የላፕቶፑን ገመድ ከግድግዳው ነቀለው፤ ጠቅልሎም ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠው።

«ሲመጣ በኃይል ነው የሚመጣው፣ ያቃጥላል» አለ።

ማን ያልነቀለ አለ። ሁላችንም ስንነቅል ነው ያደግነው። መብራቱ ሲመለስ እሱ ራሱ ሰክቶ አበራው። የሚነሳበት ዲስክ የለም፤ ሰዓቱም ወደ ድሮው ቀን ተመልሷል። ማንም ምንም አልነካካም፤ ዓይኔ እያየ ነው የሞተው።

«አባዬ፣ ማታ ማታም ትነቅለዋለህ?»

«ታዲያ ተሰክቶ ይደር?»

ነገሩ እንዲህ ነው። ይህ አሮጌ ማሽን ሊኑክስን እንዲያስነሳ፣ ከመጫኔ በፊት አነሳሱን ማስተካከል ነበረብኝ። ያንን ማስተካከያ፣ ከነሰዓቱ፣ የምትይዝለት ሳንቲም የምታህል ባትሪ ውስጡ አለች። እሷ ሞታለች። ገመዱ እስከተሰካ ድረስ አይታወቅም፤ ሲነቀል ግን ማሽኑ ያስተካከልኩትን ሁሉ ይረሳና ከፋብሪካ እንደወጣበት ቀን ይሆናል። እኔ በጫንኩ ቁጥር መልሼ ስለማስተካክለው ይነሳል፣ አባቴ ማታ ሲነቅለው መልሶ ይረሳል። ሊኑክሱ ሁልጊዜም ደህና ነበር። ይህን ለማወቅ ክረምቱን ሙሉ የፈጀብኝ ባለሙያ ስለሆንኩ ነው።

የሚረሳው ማሽኑ ነበር። አባቴን በመጠርጠሬ አፈርኩ፣ ወዲያው ደግሞ በጣም ደስ አለኝ። ባትሪዋን ሰዓት ከሚጠግን ሰው ገዝቼ ቀየርኩለት። ከዚያ ወዲህ ቢነቅለው ቢሰካው፣ ይነሳል።

የጊፋታ ዕለት ሥጋው ቀርቦ ሁላችንም ከተቀመጥን በኋላ ወንድሜ ጉሮሮውን ጠረገ። ክፍሉ ፀሐይ እንደሚያገኝ፣ ከሐይቁም እንደማይርቅ ተናገረ። አባቴ ሥጋውን ያላምጣል። ወንድሜ ቀጠለና፣ «መርሳት ጀምረሃል አባዬ። ይህች ልጅ እንኳ በየሳምንቱ እየተመላለሰች ነው» አለ።

«ጋሼ፣ ላፕቶፑን እኔ ልንገርህ» አልኩት።

ነገርኩት። ማሽኑ ያልነሳው አባታችን በየማታው ስለነቀለው እንደሆነ፣ አንድ ማታ እንኳ ረስቶት ቢያድር ጠዋት ይነሳ እንደነበርና እኔም ነገሩ ቶሎ ይገባኝ እንደነበር። «ክረምቱን ሙሉ አንድ ቀን አልረሳም። ያስቸገረንም አለመርሳቱ ነው» አልኩት።

ወንድሜ ቢላዋውን አስቀመጠ። ኮምፒዩተር ብዙ አይገባውም፣ ይህ ግን ገባው። ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ «ቁልፉስ?» አለ።

አባቴ እጁን ጠረገና በአማርኛ መለሰለት፤ ቁጣ ግን አልነበረበትም።

«ቁልፉን ረስቻለሁ። ማታ መንቀሉ የእኔ ሥራ ነበር፣ ቁልፉን ከበሩ ማውጣቱ የእናታችሁ ነበር።»

እኔ አለቀስኩ። ወንድሜ ስለ ክፍሉ መልሶ አላነሳም፤ ስለ መንገዱና ስለ ዝናቡ አወራን።

በማግስቱ ወንድሜ ወደ ሐዋሳ ሊሄድ ሲወጣ በሩ ላይ ቆመ። ቁልፉ በውጭ በኩል እንደተሰካ አድሯል። አወጣውና የአባቴ መዳፍ ላይ አስቀምጦ ጣቶቹን አጠፈለት፤ «ከእንግዲህ ይህም የአንተ ሥራ ነው» አለው።