መንገድ ላይ የቀረው መጅ

አማቴ ጆሯቸውን ያጡት ጣሊያን ከመግባቱ ከብዙ ዓመት በፊት ነው። በተስቦ ታመው ሲድኑ ድምፅ የሚባል ነገር ከሳቸው ጋር ተቆራረጠ፤ ነጎድጓድ እንኳ የሚያውቁት መሬቱ በእግራቸው ሥር ሲርድ ነበር። ይህ ማንንም አስቸግሮ አያውቅም። ከቤታችን እስከ ቤተ ክርስቲያኑ ባለችው ቀጭን መንገድ የሚገጥማቸው ቢበዛ በቅሎ ነው፤ በቅሎ ደግሞ አንዳንዴ ከሰው ይልቅ ጨዋ ናት። ነገሩ የከፋው ጣሊያን መጥቶ ከደጀን በአምበር አድርጎ ወደ ደብረ ማርቆስ የሚወስደውን መንገድ በማሳችን መሐል ያሳለፈው ጊዜ ነው። ቤታችን ከመንገዱ በታች፣ ቤተ ክርስቲያኑ ከመንገዱ በላይ ቀረ። ያማከረን ሰው የለም።

መጀመሪያ ሰሞን ካሚዮን ሲመጣ ሁላችንም አጥር ሥር ተሸጉጠን ነበር የምናየው። እያደር ለመድነው። እኛ ለመድነው ማለት ግን እሱ እኛን ለመደን ማለት አይደለም። በደጀን በኩል ኮረብታ አለ፤ ሹፌሩ ከዚያ ቁልቁል ሲለቀው ፍሬን የሚባል ነገር መኖሩን የሚረሳ ይመስለኝ ነበር። የጎረቤታችንን አህያ ከነጭነቷ ገጭቶ ሲጥላት ዞር ብሎ እንኳ አላየም። የእህሉ ከረጢት ተቀዶ ገብሱ መንገዱ ላይ ተበተነ፤ ዶሮዎቻችን ሊለቅሙ ሲገቡ ደግሞ ሌላ መኪና መጣ።

እኔ ያኔ ገና ልጅ እግር ሚስት ነበርኩ፣ ሙሽራነቴ ሳይወጣልኝ። አማቴን ግን እንደ እናት ነበር የምወዳቸው፤ እንደ እናት ያናድዱኝም ነበር። በየማለዳው ኪዳን ለመስማት ይወጣሉ። ኪዳኑን እንዴት እንደሚሰሙት እግዜር ይወቅ፣ ግን ቀርተው አያውቁም። መንገዱን ሲሻገሩ ግራም ቀኝም አያዩም፣ አንገታቸውን ወደ ቤተ ክርስቲያኑ አቅንተው ቀጥ ብለው ነው።

«እሜቴ፣ ቆም ብለው ይመልከቱ እንጂ!» እላለሁ፣ በእጄም በአፌም።

«ምን ልመልከት? በቤተ ክርስቲያን ደጅ የሚያልፍ ሰው ከበቅሎው ይወርዳል። ባለ ማዕረጉም ባለ ነጋሪቱም ሲወርድ አይቻለሁ። ባለ ካሚዮኑም ይወርዳል።»

«የእኛን ሥርዓት በምን ያውቀዋል?»

«አንገቱ ላይ መስቀል አይቻለሁ። ይወርዳል።»

ውሃ ቢወቅጡት እምቦጭ። አብሬያቸው ልሻገር ብል «አልታወርኩም» ብለው ይመልሱኛል። ባለቤቴ መሻገሪያው ላይ እሾህ ቆርጦ ቢጋርድ፣ እሾሁን በምርኩዛቸው ገለል አድርገው አለፉ።

የፈሩት ይደርሳል ይባላል። አንድ ቀን ደጅ ስጠርግ እሳቸው መንገዱ መሐል ሲደርሱ ካሚዮኑ ኮረብታውን ሲወርድ አየሁ። ጮኽኩ። ጆሮ ለሌለው ሰው መጮህ! ሌላ ምን አባቴ ላድርግ፣ ሮጬ አልደርስ። መኪናው ከጀርባቸው ሽው ብሎ አለፈ፤ ንፋሱ ነጠላቸውን ከትከሻቸው ገፎ መሬት ጣለው፣ የኋላ ጎማውም ሄደበት። አማቴ ዘወር አሉና ማዶ በቆምኩት በእኔ ላይ አፈጠጡ።

«ነጠላዬን ማነው የጎተተው?»

ባለቤቴ ይህን ሁሉ ከማሳው ቆሞ አይቷል። ሲናደድ የሚናገር ሰው አልነበረም፤ ሲናደድ ሥራ ነው የሚጀምረው። ያን ዕለት ግን ሥራም አልጀመረም። ነጠላውን አንሥቶ የጎማውን ፈለግ ደጋግሞ አየና አጥፎ ሰጠኝ።

የእኛ አገር ገበሬ ክረምቱ ሲጠና ፈሰስ ያወጣል። ማሳው ላይ ውሃ እንዳይተኛበት በሬ ጠምዶ ከዳር እስከ ዳር ጠለቅ ያለ ትልም ይገምሳል፣ ውሃው በዚያ ይወርዳል። የፈሰስ ቦታ ከአባት የሚወረስ ነው፤ አለቦታው ያወጣ ሰው ከታች ጎረቤቱ ጋር ዳኛ ፊት ይቆማል። ባለቤቴም በአንድ የሐምሌ ጠዋት በሬዎቹን ጠምዶ ከማሳው ጀምሮ ወደ መንገዱ መጣ። ሞፈሩን አንሥቶ ይሻገራል ብዬ ስጠብቅ ጭራሽ እርፉን ተጫነው። መንገዱ ያኔ ገና ጠጠር አልለበሰም፣ ዝናቡም አብኩቶታል። ከዳር እስከ ዳር ቀደደው። ተመልሶ ደግሞ በዚያው ላይ ገመሰው።

«አንተ ሰው፣ አብደሃል?»

«ፈሰስ ነው» አለኝ።

«የፈሰሱ ቦታ እኮ እዚያ አይደለም!»

«ዘንድሮ እዚህ ነው።»

ያን ጊዜ የት እንደቆመ አየሁ። ትልሙ ያረፈው እናቱ ከሚሻገሩበት ቦታ ከኮረብታው በኩል ጥቂት ፈቀቅ ብሎ ነው። ገባኝ። ጣሊያን መንገድ በቆረጠ ሰው ላይ ምን እንደሚያደርግ ገበያ ላይ አይተናል።

ካሚዮኑ ሳይውል ሳያድር መጣ። ሹፌሩ ትልሙን ያየው ላዩ ላይ ከደረሰ በኋላ ነው፤ የፊት ጎማዎቹ ሰጥመው ቀሩ። ወታደሮቹ ሽፍታ አድፍጦ የሚጠብቃቸው መስሏቸው ዘለው ወረዱና ጭቃው ላይ ተኝተው ጠመንጃቸውን ደገኑ። የሚተኩስ ጠፋ። ፊት ለፊታቸው ባለቤቴ ከሁለት በሬዎቹ ጋር ቆሟል፣ ሊሸሽ እንኳ አልሞከረም።

«ማነው የላከህ?» አለው ከወታደሮቹ ጋር የመጣው አስተርጓሚ።

«ዝናቡ» አለ ባለቤቴ።

የፊጥኝ አስረው ከወንዝ ማዶ ወዳለው የመንገድ ሠራተኞች ሰፈር ወሰዱት። በሬዎቹ እንደተጠመዱ መንገዱ ላይ ቀሩ።

አማቴ ከኪዳን ሲመለሱ ያዩት ባለቤት የሌላቸውን በሬዎች ነው። ወደ እኔ ሲያዩ ሁለት እጄን አጣምሬ መታሰሩን አሳየኋቸው። አላለቀሱም።

«ድንጋይ!» አሉ፣ መንደሩ ሁሉ እስኪሰማ።

በእኛ አገር ትልቅ ጥፋት ያጠፋ ሰው ይቅርታ የሚለምነው በባዶ አንገት አይደለም። ወገኑ ድንጋይ በአንገቱ ተሸክሞ ከተበዳዩ ደጅ ይንበረከካል፣ «ይቅር» እስኪባልም ድንጋዩ አይወርድም። ደም ያለበት ነገር እንኳ በዚህ ይበርዳል። ቄሱ፣ የሁላችንም የነፍስ አባት፣ ሰምተው ራሳቸውን ነቀነቁ።

«ጣሊያን ይህን ከየት ያውቃል? ደግሞስ ሴት በዚህ አትገባም።»

አማቴ አልሰሙም። ሊሰሙ ያልፈለጉትንማ ጆሮ በነበራቸው ጊዜም አይሰሙም ነበር ይባላል። ቤት ገብተው ሲወጡ አንገታቸው ላይ መጁን ተሸክመዋል፣ የወፍጮዬን መጅ፣ ዱቄቱ ገና ያልተራገፈለትን።

«እሜቴ፣ መጁን! ነገ በምን ልፈጭ ነው?»

ባሌ ሊሰቀል ነው፣ እኔ ስለ ዱቄት አወራለሁ። ሰው ሲደነግጥ አፉ ያገኘውን ነው የሚናገረው። ወዲያው አንድ ድንጋይ አነሣሁና ተከተልኳቸው። ቄሱም ተከተሉ፤ ቄሱ ከተከተሉ ማን ይቀራል?

አሁን ሳስበው ወታደሮቹ ጠመንጃ ቢያቀባብሉ አልፈርድባቸውም። መንደር ሙሉ ሰው ድንጋይ ይዞ ሲመጣባቸው ምን ይበሉ? ቄሱ ቀድመው ተንበረከኩ፣ ሁላችንም ተከትለን ጭቃው ላይ ወደቅን። የመንገድ ሥራው አለቃ ከድንኳኑ ወጣ፤ ግማሽ ፊቱ ተላጭቷል፣ ግማሹ ላይ ሳሙናው አለ። አስተርጓሚው የአገሩን ሥርዓት ሊያስረዳ አፉን ከፈተ። አለቃው ግን አልጠበቀውም። በመሐላችን እየዞረ ድንጋዮቹን ያይ ጀመር። አማቴ ዘንድ ሲደርስ መጁን በጣቱ መታ መታ አደረገና ሳቀ፤ ከዚያ ወደ ድንጋዮቹ፣ ቀጥሎም ወደ መንገዱ እያመለከተ ብዙ ተናገረ። ኋላ እንደሰማነው ዝናቡ ሲበረታ የቀን ሠራተኞቹ ጠፍተውበት ድንጋይ የሚያቀርብለት ሰው ቸግሮት ነበር።

አስተርጓሚው ሊናገር የነበረውን ዋጠ።

«ተነሡ፣ ድንጋዩን ይዛችሁ ወደ መንገዱ።»

«ይቅር ብሏል ወይ?» አሉ ቄሱ እንደተንበረከኩ።

«አባቴ፣ እሱ መንገዱን ልትጠግኑለት የመጣችሁ መስሎታል። ስለ እግዜር ብለው ዝም ብለው ይሸከሙ!»

ተሸከምን። ባለቤቴንም ፈትተው አመጡት፣ ያበላሸውን ራሱ ይድፈን ተብሎ። ካሚዮኑን ወታደሮቹ ወደ ኋላ ገፍተው ከትልሙ አወጡት። ከመሐላችን ድንጋይ ንጣፍ የሚያውቅ የለም፤ እያንዳንዱ ሰው ያመጣውን ትልሙ ውስጥ ጥሎ ዞር ይላል። የሚደረድረው ባለቤቴ ነበር፣ ሁሉንም ጎባጣ ሆዱን ወደ ላይ እያደረገ። ትልሙ ሞላ፣ ከሞላም በኋላ አላቆመም፤ እንደ ድልድል ከፍ እያለ ሄደ። አማቴ መጁን መሐል ላይ አኖሩትና በእግራቸው ረገጥ ረገጥ አደረጉት። ከዚያ ካሚዮኑ ተሞከረ። የሹፌሩ ራስ ከጣሪያው ጋር ሲጋጭ ሰማን፤ ጎማው ግን አልሰጠመም። አለቃው አንድ ነገር ሊል ሲል ዝናቡ ዱብ ዱብ አለና ሮጦ መኪናው ውስጥ ገባ፣ ሄዱም። ተመልሶ ያስተካከለው ማንም የለም።

ባለቤቴ መንገዱ ላይ ከነነፍሱ ቆሟል። እናቱ ቆመዋል። እኔ እዚያው ጭቃው ላይ ቁጭ ብዬ እየሳቅሁ አለቀስኩ። እፎይ ማለት ምን እንደሆነ ያወቅሁት ያን ቀን ነው።

ከዚያ ወዲያ ከኮረብታው የሚለቀቅ መኪና ሁሉ ደጃችን ሲደርስ ያቃስታል፣ ይንገዳገዳል፣ በበሬ እርምጃ ያልፋል። ሹፌሮቹ ሲራገሙ እቤቴ ሆኜ እሰማቸዋለሁ፤ ቋንቋውን ባላውቅም እርግማን መሆኑ አይጠፋኝም። እንደዚያ ያለ የሚጣፍጥ እርግማን ሰምቼ አላውቅም፤ በሰማሁት ቁጥር አንጀቴ ቅቤ ይጠጣል። ልጆች ሲሻገሩ ልቤ አይዘልም፣ ዶሮዎቹም ገብሳቸውን ይለቅማሉ። አማቴማ መኪናው ሲያዘግምላቸው እያዩ መሐል መንገድ ላይ ቆመው ለሹፌሩ እጅ ይነሡታል።

«አላልኩሽም?» ይሉኛል ከማዶ። «መውረዱ ነው የቀረው።»

መጄን ላስመልስ ቄሱን ብጠይቅ «ለይቅርታ የወረደ ድንጋይ አይነሣም» አሉኝ። በአዲስ መጅ ስፈጭ እንጀራችን ክረምቱን ሙሉ አሸዋ አሸዋ አለ።

«ብላ እንግዲህ» እለዋለሁ ባለቤቴን፣ «የፈሰስህ ዋጋ ነው። ውሃው እንደሆነ ዘንድሮም በበረታችን በኩል ነው የወረደው።»

እያላመጠ ይስቃል። ጣሊያን ከወጣ በኋላ የአገሩ ሰው መንገድ የቆረጠ አርበኛ ብሎ ሊያሞግሰው ሲነሣም መልሱ ያው «ፈሰስ ነው» ነበር። እውነቱን ልንገራቸው ስለው ተቆጣኝ፤ እናቱን በሰው ፊት ደካማ ማስመሰል አልፈለገም።

እሳቸው ግን የጣሊያንን መውጣት አላዩም። ሊወጣ ጥቂት ሲቀረው በአልጋቸው ላይ፣ ንስሐ ገብተው፣ ልጃቸው እጃቸውን ይዞ፣ በእርጅና ሞቱ። በዚያ ዘመን በአልጋ ላይ መሞት እንደ ሹመት ነበር። እያለቀስኩ በልቤ እግዜርን አመሰገንኩ፤ ያን ነጠላ ባሰብኩ ቁጥር እሳቸውንም እንደዚያ ከመሬት ላይ የማነሣቸው ይመስለኝ ነበርና።

ቃሬዛውን ይዘን መንገዱ መሐል ስንደርስ ከኮረብታው ካሚዮን ወረደ። እንደ ልማዴ ልጮህ አፌን ከፈትኩ። መኪናው ድንጋዮቹ ጋ ሲደርስ አቃሰተ፣ መጁ ላይ ወጣ፣ ወረደ፣ ቆመ። ሞተሩ ጠፋ። ሹፌሩ ፊት ላይ ሐዘን አላየሁም፣ የቸኮለ ሰው ነው የሚመስለው። ቢሆንም በሩን ከፈተና ባርኔጣውን በእጁ ይዞ መሬት ላይ ቆመ።

ባለቤቴ ቃሬዛውን በትከሻው እንደተሸከመ ዘወር ብሎ አየው። ለዓመታት ለእናቱ ሲጮህ የኖረው ሰው፣ ጆሮ ላለው ሰው እንደሚነገር በቀስታ፣ «እምዬ፣ ወረደ» አላቸው።