በለቅሶ ድንኳን የሠራሁት የአሜሪካ ፊልም

ይህን ለነፍስ አባቴም አልነገርኋቸው። ብጀምርላቸው «መጨረሻው ምን ሆነ?» እያሉ ንስሐዬን ያስረሱኛል ብዬ ፈራሁ። ስለዚህ እናንተ ስሙኝ፤ እኔ ውሸታም ነኝ። ማን ያልዋሸ አለ? እኔ ግን የዋሸሁት አንድ ሙሉ ፊልም ነው፤ ከነፈረሱ፣ ከነሽጉጡ፣ ከነአሜሪካው።

ደብረ ማርቆስ፣ የጎረቤታችን ለቅሶ ላይ ነው። የዕድሩ ወንዶች ድንኳን ውስጥ ተቀምጠናል። ሠልስቱ ሲደርስ የሟች ደግነት ተወርቶ አለቀና፣ እንዴት እንደሆነ እንጃ፣ «ከአሜሪካ ፊልም ሁሉ የሚበልጠው የቱ ነው?» የሚል ክርክር ገባን። የፊልም አዋቂያችን ጓደኛዬ አስማረ ነበር። ድሮ ቪዲዮ ቤት ነበረው፤ ሰው ሁሉ በስልኩ ማየት ሲጀምር ተዘጋበት። የቀረው ክብር «ፊልም ከሆነ አስማረን ጠይቁ» መባሉ ብቻ ነው። ይህን አውቅ ነበር። እያወቅሁ ነው ያደረግሁት።

እኔና አስማረ ተፋጠጥንና ዳኛ ይሰየም ተባለ። መሪጌታ ተሰየሙ፤ ፊልም የሚባል አይተው ስለማያውቁ ለማንም አያደሉም። አስማረ ተነሥቶ፣ ጋቢውን አደግድጎ፣ ስለ አንድ የጦር ፊልም ሲናገር ድንኳኑ ባሩድ ባሩድ ሸተተ። ሊረታኝ ነው! ቅናት ያዘኝ።

ተነሣሁና ማንም ያልሠራውን ፊልም ተረክሁ። ጀግናው የአባቱን ገዳይ በረሃ ለበረሃ አሳድዶ ይይዘዋል፤ ሽጉጡን ይደግናል፤ ደወል ይሰማል፤ ለካ ዕለቱ ስቅለት ነው! ሽጉጡን ወርውሮ ይሰግዳል። ገዳዩም አብሮት ይሰግዳል። ፈረሶቹም ተንበረከኩ ሳልል አልቀረሁም። ማን ያቁመኝ?

መሪጌታ ዕንባቸውን ጠረጉ። «ተረትተሃል፣ አስማረ።»

«ኧረ የኔታ፣ እኔ እንዲህ ያለ ፊልም አላውቅም!»

«እንግዲያ ምኑን አዋቂ ሆንህ?»

ድንኳኑ ሳቀ። በለቅሶ ቤት! እኔም ሳቅሁ።

ከዚያ ወዲያ ሰው ስለ ፊልም የሚጠይቀው እኔን ሆነ። አስማረ ግን ያን ፊልም ፍለጋ ወጣ። ወደ ባሕር ዳርም ወደ አዲስ አበባም ለሚሄድ ሹፌር ሁሉ ፍላሽ እየሰጠ ለመነ። ባገኘኝ ቁጥር «ወንድም ዓለም፣ ስሙን እስቲ አስታውሰው» ይለኛል። እኔስ? «ምላሴ ላይ ነው» እለዋለሁ። ዓመታት ሙሉ ምላሴ ላይ አኖርሁት። እኔ! የገዛ ጓደኛዬን!

ባለፈው እሑድ ሆዴ አልችል አለ። እውነቱን ልነግረው አስማረ ወደሚውልበት ፀጉር ቤት ሄድሁ። ቤቱ ሰው ሞልቷል። ገና አፌን ሳልከፍት አስማረ ብድግ አለ።

«አገኘሁት! አየሁት!»

ዓይን ሁሉ ወደ እሱ ዞረ። ያን ፊልም ከጫፍ እስከ ጫፍ ተረከው፤ እኔ ካወራሁት አሥር እጥፍ አሳምሮ። ከዚያ ወደ እኔ ዞረ። «አንተ ግን ጉደኛ ነህ፤ ዝናቡን ዘለልኸው። ሲሰግዱ እኮ ዝናብ ይወርድባቸዋል። የፊልሙ ነፍስ እሱ ነው። በደንብ አላየኸውም!»

ዓይን ለዓይን ተያየን። ፀጉር አስተካካዩ መቀሱን አንጠልጥሎ «እውነት ዝናብ አለው?» አለኝ።

የለውም ብል አስማረን ዳግመኛ በሰው ፊት ላስቅበት ነው።

«አለው» አልሁ። «ረስቼው ነው። ይቅርታ፣ አስማረ።»

«ግድ የለም፣ ይቅር ብዬሃለሁ» አለና ደረቱን ነፍቶ ተቀመጠ።

ይቅር የተባለልኝ እንግዲህ ዝናቡ ነው። ፊልሙ እንዳለ አሁንም በእኔ ላይ ነው።