የመስኮቴ ጠርሙሶች

ከሚሴ ጤና ጣቢያ ሥራ የጀመርኩ ቀን ነጩን ጋዋኔን ከደሴ ጀምሬ ለብሼው ነበር የመጣሁት። አውቶቡስ ውስጥ ያለው ሰው ሁሉ ነርስ መሆኔን እንዲያውቅልኝ እንጂ ሌላ ምክንያት አልነበረኝም። ደርሼ ስወርድ ጋዋኑ አቧራ ጠጥቶ መልኩ ተለውጧል። የጤና ጣቢያው ዘበኛ ከላይ እስከ ታች አየኝና፣ "እህቴ፣ ወፍጮ ቤቱ በወዲያ በኩል ነው" አለኝ።

ከዘበኛው ሳቅ ያዳኑኝ ጋሽ ሁሴን ነበሩ። ጋሽ ሁሴን ድሬሰር ናቸው። ድሬሰር ዛሬ የቀረ ማዕረግ ነው፤ ቁስል የሚያጥብ፣ የሚሰፋ፣ መርፌ የሚወጋ፣ ሐኪም ሲታጣም ሐኪም የሚሆን ሰው ነበር። በደረጃ እኔ እበልጣቸዋለሁ፣ ዲፕሎማ አለኝ። እሳቸው ግን እኔ ገና ፊደል ስቆጥር የሰው ገላ ይሰፉ ነበር። የቁስል ክፍሉን ቁልፍ አስረከቡኝ። በውስጡ አንድ የብረት አልጋ፣ ፒንሳና መቀስ የሚቀቀልበት ድስት፣ ጎዝ የሚቀመጥበት ቆርቆሮ፣ ሐምራዊው የቁስል ቀለም፣ ወደ ግቢው የሚያይ አንድ ሰፊ መስኮት ነበር። ዕቃው ያ ብቻ ነው።

የመጀመሪያዋ በሽተኛዬ ክንዷን ትኩስ ወተት ያቃጠላት ሕፃን ነበረች። እናትየውን፣ "ማነው እሳት አጠገብ የተዋት?" ብዬ ጠየቅኳት። ፊቷን ወደ ግድግዳ አዞረች። ደግሜ ጠየቅኩ፣ ነጠላዋን ፊቷ ላይ ሳበች። ጋሽ ሁሴን ከኋላዬ መጥተው፣ "ዮም?" አሏት።

"ገነማ፣ በጧቱ፣ ላሟን አልቤ እንደገባሁ" አለች ወዲያው። ምን እንደቀባቻትም፣ በምን እንደጠቀለለቻትም ሳንጠይቃት ነገረችን።

ሕፃኗ ከሄደች በኋላ ጋሽ ሁሴን ፒንሳውን እያጠቡ፣ "ሀያት ልጄ፣ 'ማነው' ስትዪው ሰው ጠበቃ ይፈልጋል። 'መቼ ነው' ስትዪው ይመልስልሻል" አሉኝ።

ዮም በኦሮምኛ መቼ ማለት ነው። ከሚሴ የተማርኩት የመጀመሪያ ቃል እሱ ነው። በሥራ ላይ ለማዋል ግን ዓመታት ፈጀብኝ፤ ምክንያቱም ዲፕሎማ ነበረኝ።

ያ ግቢ ዛሬም በዓይኔ አለ። ጧት የካርድ ክፍሉ ከመከፈቱ በፊት ሰዉ ግቢው መሀል ባለው ዛፍ ሥር ይሰበሰባል። ከገጠር የመጡት ጋሪያቸውን አጥር ላይ አስጠግተው፣ አህያቸውን አስረው፣ ሰላምታውን በአማርኛ ጀምረው በኦሮምኛ ይጨርሱታል። እኔ ደግሞ ቆሜ የጤና ትምህርት እሰጣለሁ። ኦሮምኛዬን ሲሰሙ ሴቶቹ በነጠላቸው አፋቸውን ሸፍነው ይስቁብኛል። "ሲስተር፣ አሁን ያልሽው እኮ ስለ ወባ ሳይሆን ስለ ፍየል ነው" ትለኛለች አንዷ። እኔም እስቃለሁ። ደግ ሰዎች ነበሩ፤ ያገሬን ሰው ያህል ወደድኳቸው።

በሁለተኛው ዓመት አንድ ልጅ ነጭ ጋዝ ጠጥቶ መጣ። ጋዙ የነበረው በለስላሳ ጠርሙስ ነው። ልጁ ዳነ፣ ጠርሙሱን ግን እኔ ያዝኩት። በማግስቱ ትምህርቱ ላይ ከፍ አድርጌ አሳየሁና መስኮቱ ላይ አቆምኩት። ከዚያ በኋላ የመጣውን ሁሉ እያጠብኩ እደረድር ጀመር፤ የነጭ ጋዝ፣ የባትሪ አሲድ፣ የአይጥ መርዝ። የባለቤቶቹን ስም አልጻፍኩበትም። አያስፈልግም ነበር፣ አገር ያውቃቸዋል። ሴቶቹ በዚያ ሲያልፉ በጣታቸው እየጠቆሙ ይንሾካሾካሉ። የጣቢያው ኃላፊ፣ "ሲስተር ሀያት፣ ይኼ ጥሩ የማስተማሪያ መሣሪያ ነው" ብሎ በሪፖርቱ ላይ ጻፈልኝ። እኔም ደረቴን ነፋሁ።

አሁን የማልወደውን ልናገር። በሦስተኛው ዓመት ልጄ ሙባረክ ገና ዳዴ ይላል። ልብስ ልዘፈዝፍ በረኪና ገዛሁ፤ ባለሱቁ እንደ ልማዱ በለስላሳ ጠርሙስ ቀድቶ ሰጠኝ። ጠርሙሱን መሬት አስቀምጬ ገመድ ላይ ያለውን ልብስ ላነሳ ወጣሁ። ስመለስ ልጄ ከንፈሩ አብጦ፣ ድምፁ ተዘግቶ እጁን ወደ እኔ ዘረጋ። አፉን አጠብኩ፣ ወተት አጠጣሁ፣ ሦስት ቀን አቅፌው ተቀመጥኩ። ለጣቢያው ቶንሲል ነው ብዬ ላክሁ። ደሴ ለሚሠራው ባለቤቴም ቶንሲል ነው አልኩት። አላህ ከለለልኝ፣ ልጁ ዳነ። ጠርሙሱን ሽንት ቤት ጣልኩት። መስኮቱ ላይ ቦታ ነበረ።

ሰው ከዚያ በኋላ አንደበቷ ለዘብ አለ ብሎ ይጠብቅ ይሆናል። እኔ ግን ባሰብኝ። ድምፄን ከፍ ባደረግሁ ቁጥር ጠርሙሱ ከእኔ የሚርቅ ይመስለኝ ነበር።

ሉባባ የመጣችው ያኔ ነው። ከከተማው ወጣ ብላ ካለች መንደር የምትኖር፣ ቀልደኛ ሴት ናት፤ ስለ ፍየሉ የቀለደችብኝም እሷ ነበረች። ልጇ ነጭ ጋዝ ጠጣባት። ልጁ ከተሻለው በኋላ፣ በክትባት ቀን፣ ግቢው ሰው ጢም ብሎ ሳለ፣ "ሉባባ፣ ተነሺ" አልኳት። ተነሣች። ጠርሙሷን አሳየሁ። "በግ እንኳ ጠባቂ አለው። የዚች ልጅ ግን የለውም" አልኩ።

"አስታግፊሩላህ!" አለ ሰዉ። "እናት ናት እንዴ ይቺ?" የሚልም አልጠፋም። ሉባባ ልጇን አዝላ ከግቢው ወጣች። በዚያ ሳምንት ውሃ የሚቀዱ ሴቶች ስሟን ትተው "የጋዟ" ይሏት ጀመር። ሉባባ ግን ዓመት ሙሉ አልቀለደችብኝም፤ ይኼ እንደከነከነኝ አስታውሳለሁ።

ክረምቱ አለፈና የወባው ወቅት መጣ። በጨፋ ሜዳ በኩል ያለው ሰው ሁሉ በትኩሳት እየተንቀጠቀጠ ይመጣል፣ አልጋ ሞልቶ ምንጣፍ ላይ ይተኛል። አንድ ቀን ከቀትር በኋላ ዘይነባ የምትባል ወጣት እናት የሦስት ዓመት ልጇን ፎዚያን አዝላ ገባች። የሉባባ ጎረቤት ናት። አማቷና ጎረቤቶቿ ተከትለዋት ግቢው ውስጥ ቀሩ።

"ምን ሆና ነው?"

"ትኩሳት ነው ሲስተር። ወባ ናት።"

ልጅቷ በላብ ተጠምቃለች፣ ለሐጭዋ ይዝረበረባል፣ ትንፋሿ ይታፈናል። እኔ በዚያ ቀን ስንት ወባ አይቻለሁ፤ ለእሷም ኩዊኒን የሚባለውን የወባ መድኃኒት ግሉኮሱ ውስጥ መጨመር ጀመርኩ። ጋሽ ሁሴን ቴርሞሜትሩን አውጥተው አዩና፣ "ሀያት፣ ትኩሳት የለባትም" አሉኝ።

"ቀድሞ ነበረባት" አለች ዘይነባ ፈጥና።

ያኔ ልጅቷን ደህና አድርጌ አየኋት። የለበሰችው የኢድ ቀሚሷን ነው። ኢድ ካለፈ ቆይቷል። ፀጉሯ ርጥብ ነው፣ ገላዋ ሳሙና ሳሙና ይሸታል። የታመመ ልጅ አጥቦ የኢድ ልብስ የሚያለብስ ማነው? የዓይኗን ሽፋን ገለጥ አደረግሁ። ብሌኗ ጠብባ የመርፌ ቀዳዳ አክላለች። ይኼ መርዝ ነው። የትኛው እንደሆነ ካላወቅሁ ግን የምወጋው መድኃኒት ራሱ ሊገድላት ይችላል።

"ምን ጠጣች?" አልኩ።

"ምንም። ወላሂ ምንም።" ይህን ስትል የምታየው እኔን አልነበረም። መስኮቱን ነበር፤ ከጠርሙሶቹ ወዲያ ደግሞ የአማቷ ፊት ይታያል።

ጋሽ ሁሴንን በሩን ይዝጉልኝ ብዬ መጋረጃውን ሳብኩ። ዘይነባ ፊት ቁጢጥ አልኩ። "ስሚኝ። የኔ ልጅ በረኪና ጠጥቷል። ጠርሙሱን መሬት ያስቀመጥኩት እኔ ነኝ። ለሰው ሁሉ ቶንሲል ነው ብዬ ዋሸሁ። እዚያ ላይ የሌለው ጠርሙስ የኔ ነው።"

አየችኝ። "ወላሂ በይ።"

"ወላሂ።"

እንባዋ መጣ። "የመዥገር መድኃኒት ነው። ሰንበቴ ገበያ የገዛነው፣ የበሬው።"

የበሬ መዥገር የሚገድለውን መድኃኒት ገበያ ላይ ከትልቁ ቆርቆሮ ወደ ለስላሳ ጠርሙስ እየቀነሱ ይሸጡታል። ሁለት በሬ ያለው ገበሬ ቆርቆሮውን ሙሉ ምን ያደርግለታል? ያን ያላደረገ ቤት በዚያ አገር አልነበረም።

"ዮም?" አልኳት።

አፏ አልታዘዝ ብሏት ክንዷን ወደ ሰማይ አነሣች። ፀሐይ የነበረችበትን አሳየችኝ፤ ከቀትር በፊት ነው። ከዚያ እስከ አሁን ሽታውን ልታስለቅቅ ስታጥባት፣ ልብስ ስትለውጥላት፣ ለአማቷ የምትናገረውን ስታሰላስል ቆይታለች። እጥበቱ ገላዋ ላይ የፈሰሰውን መርዝ አንስቶላት ኖሮ እናቷ ሳታውቀው ልጅቷን ጠቅሟታል። የጠፋው ጊዜ ግን የኔና የመስኮቴ ሥራ ነበር።

ኩዊኒኑን ደፋሁት። ጋሽ ሁሴን የመርዙን ማርከሻ፣ አትሮፒን፣ ከመድኃኒት ክፍሉ ሮጠው አመጡ። በዚያ ዕድሜያቸው ሲሮጡ ያየሁት ያን ቀን ብቻ ነው። ወጋናት፣ ደረቷን አዳመጥን፣ ደግመን ወጋናት። ለሐጩን እየጠረግን፣ በጎኗ አስተኝተን፣ አሁንም ወጋናት። ዘይነባ እግሯን ይዛ፣ "ያ ረቢ፣ ያ ረቢ" ትላለች። አንድ ጊዜ ትንፋሿ ቆመብኝ ብዬ ጮህኩ። የአስር ሶላት አዛን ሲሰማ ደረቷ ደረቀ፣ ብሌኗም ሰፋ ማለት ጀመረ። ፀሐይ ልትጠልቅ ስትል ዓይኗን ገለጠችና፣ "እማ፣ ቀሚሴ ረጠበ" አለች። ጋሽ ሁሴን ወደ ጥግ ሄደው ጀርባቸውን ሰጡን።

ዘይነባ እጄን ያዘች። "ለአማቴ ምን ትያታለሽ?"

ወጣሁ። ግቢው ይጠብቀኛል። "መርዝ ነገር አግኝቷት ነበር፤ አልሃምዱሊላህ ተርፋለች" አልኩ።

"ማነው ያስጠጋባት? ማነው ጥፋተኛው?" አለች አማትየዋ።

"እኔ መቼ እንደሆነ ነው የጠየቅኩት፤ ነግራኛለች፤ በሱም ልጅቷ ዳነች" አልኩና ወደ ውስጥ ተመለስኩ። አጉረመረሙ። ያጉረምርሙ።

በማግስቱ ጧት ጠርሙሶቹን አንድ በአንድ አውርጄ በሣጥን አስወጣኋቸው። መስኮቱ ባዶውን ሲቀር ክፍሉ ውስጥ የገባው ብርሃን እስኪገርመኝ ድረስ ብዙ ነበር። ከዚያ ዛፉ ሥር ቆምኩ። ኃላፊው በረንዳ ላይ ሆኖ ያየኛል። ስለ ሙባረክ፣ ስለ በረኪናውና ስለ ቶንሲሉ፣ ሁሉንም በተሰባበረ ኦሮምኛዬ ተናገርኩ። ያን ያህል ያፈርኩበት ቀን የለም።

ከመሀል ሉባባ ተነሣች። ልጇን በወገቧ ይዛ መስኮቱንም እኔንም አየች።

"ሲስተር" አለች፣ "መስኮቱን ያጸዳሽው ለራስሽ ቦታ ልታበጂ ነው?"

ግቢው በሳቅ ፈረሰ። እኔም እያለቀስኩ ሳቅሁ። ዓመት ሙሉ የናፈቀኝ ቀልዷ ነበር። ሄጄ፣ "ሉባባ፣ አፉ በይኝ" አልኳት። "አፉ ብያለሁ። ኦሮምኛሽ ግን አሁንም ስለ ፍየል ነው" አለችኝ።

ከዚያ ወዲያ እናቶች ቶሎ መምጣት ጀመሩ። ጠርሙሱንም ሳይደብቁ በእጃቸው ይዘውት ይመጣሉ፣ "ይኼን ነው የጠጣው ሲስተር፣ አሁን ነው" ይላሉ። ጋሽ ሁሴን ጡረታ ሲወጡ የቁስል ክፍሉን ቁልፍ በእጄ ይዤ፣ የመጀመሪያውን ቀን ምክራቸውን ባለመስማቴ ይቅርታ ጠየቅኳቸው። "ዲፕሎማ ቀስ ብሎ ነው የሚሰማ" ብለው ሳቁብኝ። ዛሬ በሕይወት የሉም። አላህ ይዘንላቸው።

እኔም ጡረታ ወጥቻለሁ። ወጣት ነርሶች ቤቴ ሲመጡ ከሥራው ምን ይዘሽ ወጣሽ ይሉኛል። የተጎዳ ልጅ ሲመጣላችሁ መቼ እንደሆነ ጠይቁ እላቸዋለሁ። ማነው የሚለውን እናትየዋ በመንገድ ላይ ራሷን ስትጠይቅ ነው የመጣችው።