ባለ ነጭ ክሯ ጫጩት

እኔን ብሎ የሳይንስ ዘበኛ። ፊደል ያልቆጠርኩ፣ ቁጥርም ቢሆን ከእንቁላል አልፎ የማያውቀኝ ሴትዮ፣ «እማማ፣ ምርምራችንን ትጠብቂልናለሽ?» ሲሉኝ «ምን ገዶኝ» አልኩ። ጅብ እንኳ ሥጋ ጠብቅ ቢሉት ትንሽ ያስባል። እኔ አላሰብኩም። አሁን እኔ እያወራሁ የምትጽፈው ትልቋ የልጅ ልጄ ናት፤ እየሳቀች ነው። ያኔ ግን አልሳቀችም።

ነገሩ እንዲህ ነው። የልጆቹ እናት፣ ልጄ፣ ሥራዋ ራቅ ያለ ከተማ፣ ፑኝዶ ስለሆነ ሰኞ ሄዳ ዓርብ ትመለሳለች። ትምህርት ቤቱ ሲከፈት ሲዘጋ፣ ሲከፈት ሲዘጋ ቢያሰለቻት ሁለቱን ልጆቿን ቤት አስቀርታ በመጽሐፍና በስልክ ታስተምራቸው ጀመር። ትልቋ አሥራ አንድ ዓመቷ ነው፣ ትንሿ ሰባት። ይሄንን የእናታቸው ወንድም ሰማ። እሱ ጅማ አስተማሪ ነው፤ የኔው ልጅ ነው፣ ግን ከወለድኩት በኋላ ነው እንዲህ የከረረው።

«ቤት ተቀምጠው ምን ሊማሩ? የእማዬን ተረት? ላኪልኝ እዚህ ላስተምራቸው» አላት።

በስልክ ተጨቃጨቁ፣ ተኳረፉ፣ ታረቁ። መጨረሻ ላይ በወር ውስጥ መጥቶ ሊፈትናቸው ተስማሙ። አንድ ነገር በትክክል ሠርተው ካሳዩት ይቀራሉ፤ ካላሳዩት ሻንጣቸውን ይዞ ጅማ ይሄዳል። እኔን የጠየቀኝ የለም። እነሱ ከሄዱ በዚህ ቤት የምንቀረው እኔና የግድግዳው እንሽላሊት ነን። እሱ ደግሞ ጨዋታ አያውቅም።

ትልቋ መጽሐፏን ገልጣ አስረዳችኝ። ከአንዲት ዶሮ፣ በአንድ ቀን የተፈለፈሉ ሁለት ጫጩቶች ይወሰዳሉ። አንደኛዋ የተከካ በቆሎ ከዓሣ ዱቄት ጋር ትበላለች። ሁለተኛዋ በቆሎ ብቻ። ከአራት ሳምንት በኋላ ማን እንደከበደች ይታያል።

«ይሄማ ይታወቃል» አልኳት። «ዓሣ የበላችው ትፋፋለች። በቆሎ ብቻ የበላችው እኔን ትመስላለች።»

«ማወቅ ሌላ ነው እማማ፣ ማረጋገጥ ሌላ ነው።»

ሸንበቆ ልቆርጥ ተነሳሁ።

ከማንጎው ዛፍ ሥር በሸንበቆ ሁለት ትንንሽ በረት አጠርን። ዓሣ ለምትበላው እግሯ ላይ ቀይ ክር፣ በቆሎ ብቻ ለምትበላው ነጭ ክር አሰርን። ሚዛኑን ራሳቸው ሠሩት፤ የልብስ መስቀያ ከቅርንጫፍ አንጠልጥለው፣ የዘይት ጄሪካን ለሁለት ቆርጠው፣ ግማሹን በወዲህ ግማሹን በወዲያ አሰሩት። በአንዱ ጫጩት፣ በሌላው ቀጫጭን የባትሪ ድንጋይ። ከየቤቱ የሞተ የባትሪ ድንጋይ ለቅመው መጡ።

«የሞተው አይሆንም» አልኳቸው። «ነፍሱ ስለወጣ ይቀላል።»

ትልቋ አየችኝ። ከዚያ የሞተና ያልሞተ አንስታ በሚዛኑ ወዲህና ወዲያ አስቀመጠች። እኩል ሆነ። «ነፍስ የለውም» ብላ ጻፈች። ከዚያ ወዲህ በፊቷ ቀልድ እፈራለሁ።

በመጀመሪያው ቀን ሁለቱም ጫጩቶች ሁለት ሁለት የባትሪ ድንጋይ መዘኑ። የዓሣውን ዱቄት የሰጠችን ጎረቤቴ ናት። የዚሁ አገር ሰው፣ አኙዋ ናት፤ ባሏ ከባሮ ወንዝ የሚያወጣውን ዓሣ አድርቃ ትሸጣለች። አማርኛዋ አጭር ነው፣ ግን አይስትም። የኔ ሥራ ደግሞ አንድ ብቻ ነበር፦ ባለ ነጭ ክሯ ከበቆሎ ሌላ ነገር እንዳትቀምስ መጠበቅ።

ሁለት ቀን ጠበቅኩ። በሦስተኛው ቀን ባለ ነጭ ክሯ በሸንበቆው ቀዳዳ አንገቷን አስግጋ የእህቷን ሳህን ስታይ አገኘኋት። አትጮህም። ዝም ብላ ታያለች። እኔም ከወሎ በሰፈራ የመጣሁ ጊዜ፣ ይህንኑ የጅማውን አስተማሪ አዝዬ፣ ሰልፍ ላይ ቆሜ የሰው ሳህን እንዲያ አይቻለሁ።

አንድ ፍርፋሪ ሳይንስን አይገድልም አልኩና ጣል አደረግኩላት። በማግስቱ ሌላ። ከዚያ ከወጥ የተረፈ የአምባዛ ዓሣ ጭንቅላት። አንድ ቀንማ ልጆቹ ውሃ ሊቀዱ ሲሄዱ እንቁላል ቀቅዬ አስኳሉን ሰጠኋት። ስትበላ ፊቷን አየሁት። ለዘመዷ እንኳ አላዘነችም።

በሁለተኛው ሳምንት ሲመዘኑ እኩል ሆኑ። ትልቋ ግንባሯን አኮሳተረች። በሦስተኛው ሳምንት ባለ ቀይ ክሯ ሰባት፣ ባለ ነጭ ክሯ አሥራ አንድ። ትልቋ ሦስት ጊዜ መዘነች። መስቀያውን ገልብጣ መዘነች። እኔ ሰማይ ሰማይ አይ ነበር፤ ደመና እንኳ የለም።

እውነቱን ለመናገር እኔም ገረመኝ። የሰጠኋት ቁንጥር ቁንጥር ነው፤ እሷ ግን ኩንታል እንደወረደላት ትሰፋለች። ስትራመድ የመውለጃ ወሯ የገባ ሴት ትመስላለች። የእጄ በረከት ነው ብዬ ትንሽም ኮራሁ።

ኩራቴ ሳምንት አልቆየም። ትልቋ ደብተሯ ላይ የጻፈችውን ትንሿ ውሃ ስትቀዳ ቧንቧ ላይ ለሰፈሩ ልጆች ነገረቻቸው፦ ዓሣ ያቀጭጫል፣ በሳይንስ ተረጋግጧል። ልጆቹ ለእናቶቻቸው ነገሩ። በሁለተኛው ቀን የሰፈሩ ልጅ ሁሉ ዓሣ አልበላም አለ። አንዲት ሴት ግማሹ የተበላ አምባዛ ልትመልስ ጎረቤቴ ደጅ ቆመች።

ጎረቤቴ ዓሣውን በእጇ አንጠልጥላ መጣችብኝ። «ዓሣዬን ማን ሰደበ?»

«ጫጩቷ» አልኳት። ሌላ ምን ልበላት።

እንግዲህ ተጨነቅኩ። ብናዘዝ ምርምሩ ተበላሸ፣ አጎታቸው ምንም አልሠሩም ይልና ይወስዳቸዋል። ዝም ብል፣ ዓሣ ያቀጭጫል ሲሉት ስቆ ይወስዳቸዋል። በወዲህም ጅማ፣ በወዲያም ጅማ። ታዲያ አንድ ብልሃት መጣልኝ፤ ባለ ቀይ ክሯን ማክበድ። ምስጥ ለቅሜ፣ ዓሣ ወቅጬ አቀረብኩላት። ጥጋበኛ ናት፣ አልበላም አለች። እምቢ ስትለኝ እግሯ ላይ ያለውን ቀይ ክር ደጋግሜ ጠመጠምኩት። ክር እኮ ይከብዳል። ከጉልበቷ በታች ቦት ጫማ ያደረገች መስላ ትንገዳገድ ጀመር።

ልጄ ቅዳሜ ጠዋት ከጅማ ደረሰ። ከማንጎው ሥር ወንበር አወጣንለት። እናታቸው አለች፣ ጎረቤቴም የዓሣዋን ስም ልታስመልስ መጥታ ቆማለች። ትልቋ በመጀመሪያ የባለ ቀይ ክሯን ቦት ጫማ ፈታች፤ ማን እንዳደረገው አልጠየቀችም። ከዚያ መዘነች። ዘጠኝና አሥራ ሰባት።

«እና ውጤቱ ምንድነው?» አላት።

«በቆሎ ብቻ የበላችው በለጠች። ግን አላመንኩትም።»

«አንቺ የሠራሽውን?»

«መጽሐፉም አያምነውም። ሚዛኑን ፈትሼዋለሁ፣ ልክ ነው። የባትሪ ድንጋዩንም ፈትሼዋለሁ። ያልፈተሽኩት ሰው ነው።» ብላ ወደኔ ዞረች።

ልጄም ዞረ። ወልጄ፣ አዝዬ፣ ለወግ ያበቃሁት ልጅ እንደ ዳኛ አየኝ።

«ፍርፋሪ ነው» አልኩ። «ፍርፋሪና የአምባዛ ጭንቅላት። አንድ ቀን ደግሞ አስኳል።»

«እማዬ፣ ለዶሮ እንቁላል?»

«አልጠየቀችኝም ምን እንደሆነ።»

ትንሿ ከኋላዬ ቀሚሴን ይዛ፣ «እኔም ቁርሴን እሰጣት ነበር፣ በየቀኑ፣ እየራባት ነበር» ብላ አለቀሰች።

እናታቸው ጉሮሮዋን ጠረገች። «እኔ ብስኩት ብቻ። እሱም ቅዳሜና እሁድ።»

ቀስ ብለን ሁላችንም ወደ ጎረቤቴ ዞርን። እሷ አላፈረችም። «ዓሣ» አለች። «ከገበያ ስመለስ፣ ሁልጊዜ። እናንተ ክፉ ናችሁ፣ ትራባለች።»

ለካ ያቺ ጫጩት ከአራት ሰው እጅ ትበላ ኖሯል። የእጄ በረከት ያልኩት የሰፈር መዋጮ ነበር።

ታለቅሳለች ብዬ ስጠብቅ ትልቋ ደብተሯን ገልጣ አዲስ መስመር አሰመረች። በየተራ አቁማ መረመረችን። ማን፣ ምን፣ በሳምንት ስንት ጊዜ፣ በእፍኝ ነው በጣት። እናቷን «አስታውሺ» ብላ ተቆጣቻት። እኔን የአምባዛውን ጭንቅላት ልክ በእጄ እንዳሳይ አደረገችኝ፤ ትንሽ አሳነስኩት፣ ጎረቤቴ «ከዚያ ይበልጣል» ብላ አጋለጠችኝ። ሁሉን ጽፋ ስትጨርስ አንገቷን ቀና አደረገች።

«ዓሣ አያቀጭጭም። ከእህቷ የበለጠ ዓሣ የበላችው ባለ ነጭ ክሯ ነች። ሰኞ ቧንቧ ላይ እናገራለሁ።»

ልጄ ደብተሩን ተቀብሎ ረጅም ጊዜ አነበበ። መነጽሩን አውልቆ ጠረገ። ከዚያ ለእህቱ፣ «ሁለቱም ይቆዩ» አላት። «በድጋሚ ይሥሩት። እማዬ ግን አትጠብቅ፤ የሚጠብቃት ፈልጉላት።»

ተነስቼ ልስመው ስል ባለ ነጭ ክሯ ከበረቷ ወጥታ እግሬ ሥር መጣች፤ እጄን ታያለች። ሁሉም አዩዋት። ባዶ እጄን ዘርግቼ አሳየሁ።

ልጄ ሄደ፤ ልጆቹ ሚዛናቸውን ማደስ ያዙ። እኔና ጎረቤቴ አጥሩ ጋ ቆመን ዓሣዋን ስታገላብጥ አያት ነበር። ያደረግኩት በርኅራኄ ነው፣ እግዜር ያውቀዋል ምናምን እያልኩ ሳወራ ቀና ሳትል አቋረጠችኝ።

«ለአንድ ጫጩት ብለሽ ሁለት ልጅ ልትሸኚ ነበር። ጫጩቷም ወፍራም ነች እንጂ ቆንጆ አይደለችም።»