ማሾ የበቀለበት ስልክ

በ2017 ዓ.ም. ኅዳር ማብቂያ ላይ ነው፤ ማሾው ተወቅቶ ጆንያ ከገባ በኋላ። የልጄ ኒካሕ ሊታሰር አምስት ቀን ሲቀረው ስልኬ የውዱእ ውኃ ውስጥ ወደቀ።

ስልኬ እላለሁ እንጂ የባለቤቴ ነበር። እሱ ወደ አኼራ ከሄደ ሁለተኛ ዓመቱን ይዟል። ሕመሙ ገና አልጋ ላይ ሳያውለው ለልጃችን ምርቃት ቀድቶበት ነበር።

“የኒካሗ ዕለት ካለሁ በአፌ እመርቃታለሁ። ከሌለሁ ይሄን አሰሚያት” አለኝ። “እስከዚያ አንቺም እንዳትሰሚው።”

“እሺ” አልኩት። አማና ነው፤ አደራ። አልሰማሁትም። ለልጄም አልነገርኳት፤ ብነግራት ዛሬውኑ ካልሰማሁ ትለኛለች። ኢንተርኔት በእኛ አገር ሲመጣ ብቻ ስለሚመጣ ግልባጩ ሌላ ቦታ አልነበረም። ያለው እዚያች ስልክ ውስጥ ነው።

ማክሰኞ ለዙህር ሶላት ውዱእ ላደርግ ባልዲው ላይ ጎንበስ ስል ከጉያዬ ሾልኮ ገባ። ሳወጣው አንዴ ብልጭ አለና ጠፋ። በሻርፔ ጠረግሁት።

ጎረቤቴ ሰምታ መጣች።

“ሩዝ ውስጥ ቅበሪው፤ እርጥበቱን ይመጥልሻል” አለች።

“የድግሱ ሩዝ ገና አልተገዛም።”

“ታዲያ ምን አለሽ?”

“ማሾ።”

“ማሾም እህል ነው። ቅበሪው።”

ከነጎማ ከቨሩ ጆንያው ውስጥ ቀበርኩት። ሦስት ቀን ይቆይ ተባባልን።

ልጄ ማጀቴ ከተማ አስተማሪ ናት። በማግስቱ መጣች።

“እማዬ፣ ስልክሽ ለምንድን ነው የማይጠራው?”

“ማሾ ውስጥ ነው።”

ቆማ አየችኝ። “ምን ይሠራል?”

“ይደርቃል።”

እስኪያስላት ሳቀች። “ተይው በቃ፣ አዲስ እገዛልሻለሁ። አሮጌ እኮ ነው።”

“እሱኑ ነው የምፈልገው።”

“ምን አለበት?”

“ቁጥሮች አሉበት” አልኳት። ውሸት አልነበረም፤ ቁጥሮችም አሉበት።

ዓርብ ጠዋት የባለቤቴ ወንድም ለእንግዳ መቀመጫ ቦታ ላስለቅቅ ብሎ መጣ። ጉልበተኛ ሰው ነው። ጆንያውን አንስቶ ጥግ ላይ ወረወረው። ሮጬ ሄጄ ስልኩን ባወጣው መስታወቱ ከዳር እስከ ዳር ተሰንጥቋል።

“ጆንያ ውስጥ ስልክ ይኖራል ብሎ ማን ያስባል?” አለ።

እውነቱን ነው። ከሰዓት ዓሱርን ሰገድኩና “ያ ረብ፣ የሰው አደራ ነው፤ አታሳፍረኝ” ብዬ ዱዓ አደረግሁ። ከዚያ ባጃጅ ይዤ አስፋልቱ ዳር ወዳለው ስልክ ጠጋኝ ሄድኩ።

ጠጋኙ የደብረ ሲና ሰው ነው። ፀጉሩ መሸበት ጀምሯል፤ አንገቱ ላይ ማተብ አለ። ሸዋ ሮቢት ብዙ ዓመት ኖሮም ሙቀቱን አልለመደውም፤ ፎጣ ትከሻው ላይ ጥሎ ነው የሚሠራው።

“ምን ሆኖ ነው እትዬ?”

“ውኃ ውስጥ ገባ። ከዚያ ማሾ ውስጥ ገባ። ከዚያ ተወረወረ።”

“የቀረው እሳት ብቻ ነዋ” አለ።

ስልኩን ገለበጠና የጎማ ከቨሩን አወለቀው። ወደ ብርሃን አስጠግቶ በወረንጦ አንድ ነገር ብድግ አደረገ። ማሾ ነው። ከከቨሩና ከስልኩ መካከል ሦስት ፍሬ ሾልከው ገብተው፣ ውኃው እዚያ ተጠራቅሞ ኖሮ፣ ሦስቱም ነጭ ጭራ አውጥተዋል።

“እትዬ፣ ለዚህ ጥገና ሳይሆን ኩትኳቶ ነው የሚያስፈልገው።”

ሳቅሁ። ከማክሰኞ ወዲህ መሳቄ ያን ጊዜ ነበር።

“ደብረ ሲና ቢሆን ይበሰብስ ነበር” አለ። “ሮቢት ሆኖ ነው የበቀለው። ይተዉልኝ። ነገ ከሰዓት ይምጡ፤ እግዚአብሔር ያውቃል።”

“አላህ ያውቃል” አልኩት። ተስማማን።

ቅዳሜ ስደርስ የስልኩን ሆድ በአልኮልና በጥርስ ብሩሽ አጽድቶ፣ ከሌላ የሞተ ስልክ መስታወት አውልቆ ገጥሞለታል። በርቷል። ቁልፍ አልነበረውም፤ ባለቤቴ በርም ስልክም መቆለፍ አይወድም ነበር።

“ምንድን ነው የሚፈልጉት?”

“ድምፅ ነው። የተቀዳ።”

ከፈተው። የድምፁ ዝርዝር ወደ ታች ቢስበው ቢስበው አያልቅም። ስም የላቸውም። ባትሪው እየሞተ ቀኑ ሲዛባ ስለኖረ ቀናቸውም አንድ ዓይነት ነው።

“እየከፈትን እንስማቸዋ” አለ።

“አይሆንም።”

“ለምን?”

ነገርኩት። ያን ነገር አፌን ከፍቼ ስናገር እሱ የመጀመሪያው ሰው ነው። ወረንጦውን አስቀመጠ።

“ታዲያ ሳንሰማው እንዴት እናገኘዋለን?”

አሰብኩ። ባለቤቴ ልጁን ሲያናግር የሚጀምርበት አንድ ቃል ነበረው። አብሽሪ ይላታል። አይዞሽ፣ የሚመጣው መልካም ነው ማለት ነው። ስትወድቅም አብሽሪ፣ አንደኛ ስትወጣም አብሽሪ። እሷን ብቻ ነው እንዲህ የሚላት።

“የመጀመሪያውን ቃል ብቻ ስማ። አብሽሪ ካለ አቁመው” አልኩት።

ጣቱን አዘጋጅቶ ጀመረ። የመጀመሪያው ቆርቆሮ ላይ የሚወርድ ዝናብ ነው። ቀጥሎ ወንዙ ሲሞላ። ቀጥሎ በሬያችን። ባለቤቴ ደስ ያለውን ሁሉ ይቀዳ ነበር። ከዚያ አንድ ሰው “ወላሂ ከዚህ ዋጋ ንቅንቅ አልልም” አለ።

“ይሄ ደግሞ ማን ነው?”

“የማሾ ደላላ። ቃሉን እንዳይክድ ብሎ ነው የቀዳው።”

“ካደ?”

“ካደ።”

ቀጥሎ ፍየል። ቀጥሎ የጎረቤቴ ሳቅ። ቀጥሎ እንደገና ዝናብ። ፀሐይዋ ማዘቅዘቅ ጀመረች። እኔ በልቤ ሶለዋት አወርዳለሁ።

ከዚያ አንድ ሰው ሳል አለ። ሳሉን አወቅሁት። የጠረጴዛውን ጠርዝ ያዝኩ።

“አብሽሪ…”

ጠጋኙ እሳት እንደነካ ሰው ቶሎ ብሎ አቆመው።

“አልሐምዱሊላህ” አልኩ።

እሱ ፊቱን አዙሮ በፎጣው ዓይኑን ጠረገ። “ሙቀቱ ነው” አለ።

ድምፁን ሁለት ሚሞሪ ላይ ገለበጠልኝ። ለድካሙ ገንዘብ አልቀበልም አለ። “ምርቃቱ ሲሰማ ለእኔም አሚን ይበሉልኝ” ብሎ ሸኘኝ።

እሑድ ሴቶቹ ጓዳ ተሰብስበው ሳለ፣ አጎቷ ገብቶ ለኒካሑ ፈቃዷን ከመጠየቁ በፊት፣ ስልኩን የልጄ ጉልበት ላይ አስቀመጥኩት።

“ያባትሽ ነው” አልኳትና ተጫንኩት።

“አብሽሪ ልጄ። ቤትሽ ሙሉ ይሁን። ጎረቤትሽ ይውደድሽ። የወለድሽው ይደግ፣ የዘራሽው ይብቀል።”

ሴቶቹ አሚን አሉ። “የዘራሽው ይብቀል” ሲል የማሾውን መብቀል የነገርኳት ጎረቤቴ አየችኝ፤ እኔ ወደ መሬት አየሁ። ለጠጋኙም በልቤ አሚን አልኩለት።

ከዚያ ድምፁን ዝቅ አደረገ። “እናትሽ ወጣ ብላለች፤ ሳትሰማ ልንገርሽ። ቃል አታበዛም። ዝም ስትልሽ ተቆጣችኝ ብለሽ አትፍሪ፤ ዱዓ እያደረገችልሽ ነው። ይሄን ለማወቅ እኔ ስድስት ዓመት ፈጅቶብኛል።”

ቀጥሎ ጮክ ብሎ “ይሄ ነገር እንዴት ነው የሚዘጋው?” አለ። ከሩቅ የእኔ ድምፅ “ቀዩን ተጫነው” አለው።

ጓዳው በሳቅ ሞላ። ልጄ እያለቀሰች ሳቀች። አጎቷ በሩ ላይ ቆሞ “ምን ተገኘ?” ይላል። ፈቃዷን ሲጠይቃት ሳቋ ገና አልበረደም ነበር፤ “አዎ” አለችው፤ እስከ ውጭ ተሰማ።

ማታ እንግዳው ሲቀል ጠጋ አለችኝ።

“እማዬ፣ ቁጥሮች አሉበት አልሽኝ።”

“ቁጥሮችም አሉበት” አልኳት።

በማግስቱ ጠዋት፣ ከሱብሒ በኋላ፣ ከዚያው ጆንያ ማሾ ሰፍሬ ለቀምኩ። የነቢያት ፆም ገብቶ ስለነበር ቅቤ ሳላስነካ በዘይት ሠራሁት፤ በሳህን ከድኜ በባጃጅ ለጠጋኙ ወሰድኩለት። ሲፈታ ይበላዋል ብዬ ነው። ጠጋኙ ተቀበለኝና ክዳኑን አንስቶ ጎንበስ ብሎ ሳህኑን ሲመረምር ቆየ።

“ምን ትፈልጋለህ?” አልኩት።

“የበቀለ እንዳይኖርበት ነው” አለ።