የጋሽ ሰይድ የማደሻ ፈቃድ

ባለፈው ሳምንት ማዘጋጃ ቤት ሄጄ ነበር። መንገድ ሲሠሩ በራችን ላይ ቆፍረው የተዉት ቦይ ክረምት በገባ ቁጥር ጎርፉን ወደ ግቢያችን ስለሚመልሰው፣ የሰፈሩ ሰው «በጊዜ ጡረታ ወጥታለች፣ ጊዜ አላት» ብሎ አቤቱታውን ለእኔ ሰጠኝ። ወረቀቱን የተቀበለችኝ ልጅ ቀና ብላ እንኳ ሳታየኝ «ነገ ይምጡ» አለችኝ። አጠገቤ የቆሙት ሰዎች ተነጫነጩ፤ አንዱማ «ሰው አይደለንም እንዴ?» ብሎ ጮኸ። እኔ ግን እሺ ብዬ ወጣሁ። በልጅቷ ቦታ ያየሁት ራሴን ነበርና።

ደርግ ከወደቀ ጥቂት ዓመታት ቢሆነው ነው። ሃያ አንድ ዓመቴ ነበር፤ እዚሁ ደብረ ታቦር በአንድ የቀበሌ ጽሕፈት ቤት በጸሐፊነት ተቀጥሬ የሙከራ ጊዜዬን ገና አልጨረስኩም። ከተማዋ ማደግ ጀምራለች። ከገጠር የሚገባው ሰው ብዙ፣ ቤቱ ጥቂት፤ ያለውም የቀበሌ ቤት አርጅቶ ያዘመመ። ተከራይ ደግሞ ያለ ጽሕፈት ቤቱ ፈቃድ አንዲት ምስማር መምታት አይችልም። ስለዚህ ደጃችን ሰው ጠፍቶበት አያውቅም። የራሰ ጋቢና የጭቃ ጫማ ሽታ እስካሁን ከአፍንጫዬ አልጠፋም።

ጋሽ ሰይድ የመጡት በሰኔ ነው። ከገበያው በላይ የሚኖሩ፣ የሰፈሩን ተማሪ ሁሉ የሚያለብሱ ልብስ ሰፊ ነበሩ።

«ልጄ፣ የጓሮው ግድግዳ ሆዱን ነፍቷል» አሉኝ። «እንጨቱንም ጭቃውንም እኔው እችላለሁ። ፈቃዱን ብቻ ስጡኝ።»

«ባለሙያ መጥቶ ማየት አለበት።»

«መቼ ይመጣል?»

«ስብሰባ ላይ ነው። ነገ ይምጡ።»

ማመልከቻቸውን ከሌሎች ወረቀቶች ሥር ሸጎጥኩት። ከዚያ በኋላ ሦስት ጊዜ ተመላለሱ። በአፌ አንቱ እላቸዋለሁ፤ በዓይኔ ግን አላያቸውም። ከፊቴ የነበረችው ወንበር ላይ ዣንጥላዬንና ሹራቤን ስለማስቀምጥ ቁጭ ይበሉ ብያቸው አላውቅም። በመጨረሻው ቀን በረዶ የቀላቀለ ዝናብ መትቷቸው፣ ወለሉን እንዳያበላሹብኝ በሩ ላይ ቆመው ነው ያናገሩኝ። ቤታቸው ከቢሮው የአሥር ደቂቃ መንገድ ነው። ተነሥቼ ሄጄ ባይ ማን ይከለክለኝ ነበር?

ቡሄ ባለፈ በሳምንቱ፣ ረፋድ ላይ፣ ግድግዳው ወደቀ። ሚስታቸው እትዬ ዘይነባ ወፍጮ ቤት ሄደው ነበር። ጋሽ ሰይድ ለመስከረም የሚደርስ የተማሪ ልብስ ሲሰፉ፣ በስፌት መኪናቸው ላይ እንዳጎነበሱ ተቀበሩ። ጎረቤት በአካፋና በእጁ ምሶ ሲያወጣቸው ሕይወታቸው አልፏል።

በማግሥቱ ኃላፊያችን በሩን ዘጋና አጠገቤ ቆመ።

«ለሰይድ የማደሻ ፈቃድ ጻፊ» አለኝ። «ቀኑን ሰኔ አድርጊው።»

«ሰውየው እኮ ሞተዋል!»

«ለዚህ ነዋ የምትጽፊው። ማመልከቻው የተገኘው ማን ጠረጴዛ ላይ ነው?»

ጻፍኩ። ጣቶቼ አንዲት ፊደል እንኳ አልሳቱም።

እትዬ ዘይነባ ሐዘን ከተቀመጡ በኋላ መጡ። ማንበብ ስለማይችሉ ኃላፊው ደብዳቤውን እንዳነብላቸው አዘዘኝ። ፈቃዱ በሰኔ ለተከራዩ መሰጠቱን፣ ተከራዩ ግን አለማደሱን አነበብኩላቸው።

«ወረቀቱ በእጁ ነበር?» አሉ ቀስ ብለው።

ደብዳቤውን አጠፍኩት።

«በእጁ ይዞ ነው ‹አልሰጡኝም› እያለ ሲዋሸኝ የከረመው?»

ሻሻቸውን ወደ አፋቸው ስበው ወጡ። ፊታቸው ላይ ያየሁት ለቅሶ አልነበረም፤ በሞተ ሰው ላይ የሚወርድ ቁጣ ነበር። ቋሚ ሠራተኛ የሆንኩበት ደብዳቤ የደረሰኝ በዚያው ወር ነው።

ቤቱ ስለፈረሰ እትዬ ዘይነባ ቆላ ወርደው እብናት ወንድማቸው ዘንድ ገቡ። እኔም ምስጢሩን በሆዴ ይዤ ሦስት ዓመት እንደምንም ኖርኩ። በመጨረሻ አላስቀምጥ ሲለኝ፣ በጥቅምት አንድ ጠዋት በጭነት መኪና ተሳፍሬ ወደ እሳቸው ወረድኩ። ቁልቁለቱን ስንጨርስ ብርዱ ለቀቀን፤ ከመንገዱ ግራና ቀኝ ማሽላው ራሱን ደፍቶ ነበር። እትዬ ዘይነባ «የአገሬ ልጅ መጣች!» ብለው ተቀበሉኝ። የማሽላ እሸት ጠብሰው በሰፌድ አቀረቡልኝ። እሸቱ በአፌ እንዳለ ነገርኳቸው፤ ማመልከቻው እኔ ዘንድ እንደነበረ፣ ፈቃዱን ከሞቱ በኋላ እኔው እንደጻፍኩት።

አልሰደቡኝም። እሸቱን የሚፈለፍለው እጃቸው ብቻ ቆመ።

«ሦስት ዓመት ሙሉ ስወቅሰው ኖርኩ» አሉ። «ሰግጄ ስነሣ ሳይቀር። ሰነፍ፣ ውሸታም እያልኩ። ለእኔስ መጥተሽ ነገርሽኝ፤ ለእሱ ማን ይነግርልኛል?»

እስከ መኪናው ድረስ ሸኙኝ፤ ያ ከስድብ የባሰ ሆነብኝ። ከዚያ በኋላ አላየኋቸውም። እንደተመለስኩ እውነቱን ጽፌ ለበላይ አካል ሰጠሁ። ኃላፊው ያን ጊዜ ወደ ሌላ ከተማ ተዛውሯል። ደብዳቤዬን የተቀበለው ሰው ማኅተም መትቶ ማኅደር ውስጥ አስገባው። ማንም ጠርቶ አልጠየቀኝም።

ዛሬ የጋሽ ሰይድ ቤት በነበረበት ቦታ ባለ አራት ፎቅ ሕንጻ ቆሟል። ዝናብ ሲመጣ ሰው ከበረንዳው ሥር ይጠለላል፤ እኔ ብበሰብስም በማዶ አልፋለሁ። ሰው ስለ መሥሪያ ቤት በደል ሲያማርር እሰማለሁ፤ እውነቱን ነው። በደል ለሚሠራው ሰው ምን ያህል ቀላል እንደሆነ ግን የሚያውቅ ጥቂት ነው። አያደክምም፣ ድምፅም የለውም።

አንዳንዴ እግሬ ወደ ሙስሊሞቹ መቃብር ይወስደኛል። ከአጥሩ ውጭ እቆማለሁ። የትኛው የጋሽ ሰይድ እንደሆነ አላውቅም፤ ድንጋዮቹ ስም የላቸውም። የሚስታቸውን መልእክት ለመናገር አፌን እከፍታለሁ፤ ግን ወደየትኛው ልዙር?