የሟቹ ጋቢ

የያዙኝ እግሬን ስታጠብ ነው። የርብ ውሃ ከማሳው ሸሽቶ ጓያ ስንዘራ ውለን፣ ጭቃ ተሸክሜ ገባሁና ሚስቴ በቅል ውሃ ታፈስልኛለች። አንዱ እግሬ ታጥቦ ሌላው ሳይጀመር ጠመንጃ ያነገቱ ሁለት የመንግሥት ነጭ ለባሾች ደጃፌ ላይ ቆሙ። ልጨርስ ብል «እዚያ ትጨርሳለህ» አሉኝ። አንድ እግሬ ንጹሕ፣ አንድ እግሬ ጭቃ እንደሆነ ወረታ ገባሁ።

ይህን የማነሳው ጠባዬን እንድታውቁት ብዬ ነው። ተጸያፊ ሰው ነበርኩ፤ ዛሬም ነኝ። ሌላ ሰው በጠጣበት ዋንጫ አልጠጣም፤ ድግስ ላይ የሚያጎርሰኝን ሰው እጁን ሳላይ አፌን አልከፍትም። እናቴ «ይኼ ልጅ ከአፈር መፈጠሩን ማን ይንገረው» ትል ነበር።

ወንጀላችን የቀላድ ነገር ነው። መንግሥት መሬታችንን በቀላድ አስለክቶ አዲስ ግብር ሊጥልብን ነው ተባለ። ርስቱን ከአያት ከቅድመ አያቱ የያዘ ባላገር ይህን አልወደደም። የአጥቢያችን ቄስ ከቅዳሴ በኋላ ተነሥተው፣ ለቀያሾቹ መንገድ የሚመራ፣ ውሃም የሚያቀብል የተገዘተ ይሁን አሉ። ሕዝቡ አሜን አለ፤ የእኔ አሜን ከሁሉም ጎላ ያለ ነበር። ከዚያ በኋላ ቀያሾቹ መንገድ የሚያሳያቸው ሰው አጡ።

ያስገቡን ጣሊያን ትቶት የሄደ ነው የሚባል የእህል መጋዘን ውስጥ ነው። በሩ ሲከፈት መጀመሪያ የተቀበለኝ ሽታው ነበር። ጥጉ ላይ እስከ አፉ የሞላ የሽንት በርሜል ቆሟል፤ ከእሱ የፈሰሰው ወደ ገለባው ዘልቆ፣ ገለባው ከሥር በስብሶ ይሞቃል። ግድግዳው ላይ ትኋን በጣት የተፈጠፈጠበት የደም መስመር ከዳር እስከ ዳር ተሰምሯል። ደፉ ላይ እንደቆምኩ አስመለሰኝ። ከውስጥ አንዱ «ጌታው መጡ፣ ምንጣፍ አንጥፉ» አለና ሳቁብኝ።

ሁለት ሁለት እያደረጉ በአንድ እግር ብረት ያቆራኙን ነበር። እኔን ያቆራኙኝ ቀድመውኝ ከታሰሩት ከእኚያው ቄስ ጋር ነው። እሳቸው ሲገላበጡ እገላበጣለሁ፤ ወደ በርሜሉ ሲሄዱ አብሬ ሄጄ ፊቴን አዙሬ እቆማለሁ። ሚስቴ ስንቅ ስታመጣ በእንዶድ ያጠበችውን ጋቢ አብራ ላከችልኝ። አልለበስኩትም። እዚያ ቆሻሻ ውስጥ ማን ይለብሰዋል! ስልቻ ውስጥ ከትቼ ከራሴ በላይ ከሚስማር ላይ ሰቀልኩት፤ ሲብስብኝ ስልቻውን ፈታ አድርጌ አሸተዋለሁ።

ጥቅምት ሳያልቅ ተስቦ ገባ። ሰው ራሴን ብሎ ይጋደማል፤ ይግላል፤ ይቃዣል። አንድ ድሬሰር፣ የጤና ረዳት፣ መጥቶ በር ላይ እንደቆመ በሽታው የሚተላለፈው በቅማል እንደሆነ ነገረን፤ የሞተ ሰው ልብስ ይቃጠል አለ። ሁላችንም እሺ አልን። እሱም ሄደ።

መጀመሪያ የሞተው በሐሙሲት መንገድ ሰው ገድሎ የገባ ጎልማሳ ነው። ሊሞት ሲል ቄሱን የነፍስ አባት አድርጎ ያዛቸው፤ ተናዘዘ፤ ጋቢውንም ለነፍሴ ብሎ ሰጣቸው። ያገራችን ወግ ነው፤ የሟች ልብስ ለንስሐ አባቱ ይሰጣል። በደህና ዘመን ማን ይነቅፈዋል? ቄሱም ሬሳው እንደወጣ ጋቢውን ተከናነቡት።

የዚያ ጋቢ ነገር እስካሁን ይዘገንነኛል። ስፌቱ ውስጥ ቅማሉ እንደ ሰሊጥ ተዘርቷል። ቀን ቀን ሲሞቀው ይወጣል፤ እንቅልፍ ሲጥለኝ ወደ እኔ ይሻገራል። አውልቀው እንዲጥሉት በመልካም ቃል ለመንኳቸው፤ በመጨረሻ በክፉ ቃል ተናገርኳቸው። እሳቸው ግን ድምፃቸውን ከፍ አላደረጉም።

«የሟች አደራ ነው ልጄ። እስከ አርባው ልለብስለት ቃል ገብቻለሁ። ነፍሱን ራቁቷን ልስደዳት?»

በዚህ መሐል ጉዳያችንን የያዘው መርማሪ ብረቱን ለጊዜው አስፈትቶ ለብቻዬ አስጠራኝ። መሐረቡን ከአፍንጫው ሳያወርድ በር ላይ ቆሞ አነጋገረኝ። ቄሱን አስፈርዶ ጎንደር ወደሚገኘው ትልቁ ወህኒ ለመላክ የጎደለው አንድ ምስክር ብቻ ነው። ግዝቱን በጆሮዬ ሰምቻለሁ ካልኩ ብረቱ ይፈታልኛል፤ ለብቻዬ ክፍል ይሰጠኛል።

«ንጹሕ ሰው ነህ፤ ያስታውቅብሃል» አለኝ። «የምትታጠብበት ውሃ አለ።»

ውሃ ሲል ያን ቀን ሳይታጠብ የቀረውን እግሬን አየሁ። ነገ ልንገርዎ አልኩት። እውነቱን ለመናገር ልቤ ሸፍቷል። የሰማሁትን ብናገር ሐሰት አይሆንብኝም ብዬ ራሴን አሳመንኩ። ቄሱን ሳያቸው የሚታየኝ ቅማሉ ብቻ ሆኖ ነበር።

ነገ ያልኩት ቀን ኅዳር ሚካኤል ሆነ። ያን ቀን ከተማው ሁሉ ጥራጊውን በየደጁ ያቃጥላል፤ በአባቶቻችን ዘመን ሕዝቡን ለጨረሰው የኅዳር በሽታ መታሰቢያ ነው። እኛንም ወደ ግቢው አወጡንና የበሰበሰውን ገለባ ክምር ሠርተን እሳት ለቀቅንበት። የወረታ ጢስ ከአራቱም ማዕዘን ተነሥቶ የጣራ ገዳምን ተራራ ጋርዶታል። ከቄሱ ጋር ብረታችንን እየጎተትን ፀሐይ ላይ ተቀመጥን። ገጻቸው ገርጥቷል።

«ማታ ማታ ፊቴን ወደ ግድግዳ የማዞረው ለአንተ ብዬ ነው» አሉኝ በቀስታ። «ብረቱ ባይዘኝ ከዚህም እርቅልህ ነበር። እንደምትጸየፈኝ አውቃለሁ፤ አልፈርድብህም።»

ወዲያው መርማሪው መጣ። ሰላምታ እንኳ አልሰጠንም። በዱላው ጫፍ የጋቢውን ጠርዝ ብድግ አድርጎ አየና ሳቀ። «አባ፣ ከብትዎ ረብቷል!» አላቸው። ቄሱ የተገለጠ ቅልጥማቸውን በእጃቸው ሊሸፍኑ ሞከሩ። ሽማግሌ፣ ያውም ቀዳሽ፣ በዱላ ሲገለጥ አየሁ። ከቅማሉ ይልቅ ያ ዱላ ቀፈፈኝ። ሌሊቱን ሙሉ በልቤ ስመኘው ያደርኩት ውሃም አብሮ ቀፈፈኝ።

ከዚያ ያደረግሁትን አስቤበት አላደረግሁትም። ከፊታቸው ተንበረከክሁና ሁለት እጄን ዘረጋሁ። በበዓል ቀን ከደጀ ሰላም እንደሚቀመጥ ነዳይ ድምፄን አውጥቼ፣ «ስለ ሚካኤል ብለው ያልብሱኝ! ስለ ሟቹ ነፍስ!» አልኩ። እኔ፣ ጎተራዬ ጎድሎ የማያውቅ፣ ከሰው ዋንጫ የማልጠጣው ሰው። በሚካኤል ቀን በስሙ የለመነን ሰው ቄስ ባዶ እጁን እንደማይመልስ አውቃለሁ።

ቄሱ አተኩረው አዩኝ። «ስልቻህ ውስጥ ጋቢ አለህ አይዶለም?»

«አለኝ አባቴ። እሱ የሁለታችን ነው።»

ከዚያ ተነሥተው የሟቹን ጋቢ አወለቁና በሁለት እጃቸው ዘረጉልኝ። በጣቴ ጫፍ ተቀብዬ እሳቱ ላይ ጣልኩት። ስፌቱ በነደደ ቁጥር ቅማሉ ይንጣጣል። ሽታው የተቃጠለ ጠጉር ሽታ ነው፤ ግን ፊቴን አላዞርኩም።

ይረግሙኛል ብዬ ጠበቅሁ። በሸሚዝ ብቻ ቆመው እየተንቀጠቀጡ፣ «ከሰጠሁህ ያንተ ነው» አሉ። «ለሟቹም ሚካኤል ያውቅለታል።»

መርማሪው የምን ቀልድ ነው አለና ቃሌን ጠየቀኝ።

«የሰማሁት ግዝት የለም» አልኩት።

«ብረቱስ?»

«ይቆይ።»

መሐረቡን ወደ አፍንጫው መልሶ ሄደ። እኛም ሸሚዞቻችንን አውልቀን በጢሱ ላይ ስናራግፍ ዋልን። ስንመለስ ስልቻዬን አወረድሁ። ጋቢ አራት እጥፍ ነው፤ ስፌቱ ቢፈታ ሁለት ኩታ ይወጣዋል። ክሩን በጥርሴ እየበጠስሁ ከፈልኩትና ግማሹን አለበስኳቸው፤ ግማሹን ለበስሁ። ያ ሁሉ ቀን የሰሰትሁለት ጽዳት በአንድ ሳምንት አለቀ። ቅማሉ አልጠፋም፤ ግን ከዚያ ወዲያ በየቀኑ እሳቸው የእኔን ስፌት፣ እኔ የእሳቸውን እየፈተሽን በጥፍራችን እንገድል ነበር። እሳቸውም ታመሙ፣ በተራዬ እኔም ታመምሁ። ያልታመመው ያጠጣል፤ በአንድ ጣሳ ጠጣን። ከከረምን በኋላ ምስክር ስለጠፋ ለቀቁን።

በቅርቡ ኮሮና ሲመጣ ልጆቼ እንዴት አድርገን እንነግረዋለን ብለው ተጨንቀው ነበር። ሽማግሌ ነው፣ ትከሻ ልሳም ይላል፣ ለቅሶ ልድረስ ይላል ብለው። እኔ ገና ሳይነግሩኝ እጄን ታጥቤ በር ላይ ተቀምጬ ነበር። አንድ ጎረቤታችን ታሞ ሰው ሁሉ በደጁ ማለፍ ሲተው ግን፣ ምግቡን ከደፉ ላይ አስቀምጬ ራቅ ብዬ፣ እስኪበላ ድረስ አጫወትሁት። በሽታን ተጠየፍ፤ ግዴታህ ነው። ሰውየውን ስትጠየፍ ግን መርማሪው ዱላውን ያቀብልሃል፤ ይህን ያወቅሁት እዚያ መጋዘን ውስጥ ነው።

ቄሱ የሞቱት ከእስር በኋላ ብዙ ዓመት ኖረው ነው። ከቀብሩ በኋላ ሴት ልጃቸው አንድ ጥቅልል ይዛ ይፋግ ገበያ ላይ አገኘችኝ። ሲናዘዙ፣ ይህ ለንስሐ አባቴ አይሰጥ፣ በብረት አብሮኝ ለተቆራኘው ስጡልኝ ብለዋል አለችኝ። ስፈታው ያ ግማሽ ጋቢ ነው፤ ከመታጠብ ብዛት ሳስቶ እጄ ከወዲያ ይታያል።

የሟች ልብስ ነው። ገበያው መሐል ፊቴን ቀበርሁበት። እንዶድ እንዶድ ይላል።